ታካሚ ከጤና ጣቢያ ይዞት የሚመለሰው

አንድ ሰው ከጤና ጣቢያ ተመልሶ ገና አረፍ ከማለቱ የሚቀርብለት ጥያቄ በከተማም በገጠርም አንድ ነው፤ «ምን አሉህ?» ይባላል። ጠያቂው የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ጎረቤት ወይም የዕድር ሰው ሊሆን ይችላል። ለመታከሚያ ገንዘብ ያበደረው፣ ከብት ሲጠብቅለት የዋለው፣ ሕፃን የያዘችለት፣ በባጃጅ አሳፍሮ ያደረሰው ሁሉ መልሱን መስማት ይገባኛል ብሎ ያምናል፤ ደግሞም ይገባዋል። በእኛ ማኅበረሰብ ሕመም የአንድ ሰው ብቻ ጉዳይ ሆኖ ስለማያውቅ ታካሚው ወደ ምርመራ ክፍል ብቻውን ቢገባም ከኋላው መልስ የሚጠብቅ ቤት አለ።

እናቴ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ክትትል ከጀመረች ወዲህ እሷን አጅቤ ጤና ጣቢያ መመላለስ የኑሮዬ አንድ ክፍል ሆኗል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ እየጠበቅሁ የሰማኋቸው ወሬዎች ሰው ከሕክምና ምን እንደሚፈልግ ብዙ አስተምረውኛል። ግማሽ ቀን ተሰልፋ የዋለች ሴት «እግዜር ይስጣቸው፣ ደህና አድርገው አዩኝ» ብላ ስትሄድ፣ ብዙም ሳትቆይ የወጣችው ሌላዋ ደግሞ «አላየችኝም እኮ፤ ጽፋ ብቻ ሰጠችኝ» ብላ ስታዝን ሰምቻለሁ። ሁለቱም ተመርምረዋል፤ ለሁለቱም መድኃኒት ታዝዟል። ልዩነቱ የመጀመሪያዋ ቤቷ ስትደርስ የምትናገረው ነገር መያዟ፣ የኋለኛዋ ግን ከማዘዣው ወረቀት በቀር ምንም አለመያዟ ነው። ታካሚ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ምንድን ነው ብባል የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚደረግለትና ከዚህ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው አውቆ፣ ለወዳጅ ዘመዱም ማስረዳት ችሎ መመለስ ይፈልጋል።

ይህን ስል ሌላው ነገር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ መድረስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዛሬዋ ካዛኪስታን፣ አልማ አታ ከተማ የተሰበሰቡ አገሮች የመጀመሪያ ደረጃ ጤና እንክብካቤ ሰው ለሚኖርበትና ለሚሠራበት ቦታ በተቻለ መጠን ይቅረብ ብለው ሲስማሙ፣ በአገራችን ገጠር ብዙ ሰው ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ረጅም መንገድ ይጓዝ ነበር። ሐሳቡ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን እንደ አንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደየገጠሩ ሲያሰማራ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ አገልግሎቱን እስከ ቀበሌ አወረደው። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ ከዚያው አካባቢ የተመረጡ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየጤና ኬላው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ፣ በሥሩ አምስት ያህል ጤና ኬላዎችን የሚይዝ የገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነበር።

ገጠር የምትኖረው አክስቴ በቀበሌዋ የነበረችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስታነሣ መጀመሪያ የሚመጣላት የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ወይም የአጎበሩ እደላ አይደለም። «ቤቴን ታውቀዋለች» ነው የምትለው። የትኛው ልጅ በሽተኛ እንደሆነ፣ ባሏ ለሥራ ወጥቶ የሚሰነብተው በየትኛው ወር እንደሆነ፣ ውኃ ከየት እንደምትቀዳ ለማስረዳት አትገደድም። ለአንዲት እናት ታሪኳን በየጊዜው ከሀ ጀምራ ሳትናገር የሚያውቃት ሰው ማግኘት ትልቅ ዕረፍት ነው።

ያም ሆኖ በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዓመታት ትኩረቱ በሽታን መከላከል ላይ ስለነበር ከወላጆች ብዙ ጊዜ የሚነሣ ቅሬታ ነበር። ልጇ በትኩሳትና በሳል የተያዘባት እናት ጤና ኬላ ስትደርስ «ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ከተባለች፣ ኬላው ደጇ ላይ መሠራቱ ያን ቀን ምንም አይፈይድላትም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን፣ ተቅማጥን፣ ወባንና የምግብ እጥረትን እዚያው ጤና ኬላ ውስጥ እንዲያክሙ ሥልጠናና መድኃኒት ሲሰጣቸው እናቶቹ ሲጠይቁ የኖሩት ነገር ተገቢ እንደነበር የተመሰከረ ይመስለኛል። ሕክምናው ራሱም በዓይን የሚታይ ነው። ሠራተኛዋ የልጁን ልብስ ከደረቱ ላይ ገልጣ፣ ሰዓት ይዛ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው ይባላል። እናቲቱ አጠገቧ ቆማ የደረቱን ከፍ ዝቅ ማለት አብራ ታያለች፤ ለምን መድኃኒት እንደተሰጠው ቤት ገብታ ለአማቷ ስታስረዳም የምትለው አታጣም። የኤክስሬይ ማሽን ባለበት ሆስፒታል ታይተው ይህን ያህል ሳያውቁ የወጡ ብዙ ሰዎች አግኝቻለሁ።

የወሊዱ ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ ያስተምራል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2005 በጤና ተቋም የተፈጸመው ወሊድ ከመቶ 5 ብቻ ነበር፤ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ደርሷል። ለዚህ መንገዱም፣ አምቡላንሱም፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ቤት ለቤት መዞርም አስተዋጽኦ አድርጓል። ሆኖም እናቶች ለረጅም ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ያልሄዱት ስለራቃቸው ብቻ አልነበረም። ቤቷ የምትወልድ ሴት ጎረቤቶቿ ወገቧን ደግፈው «ማርያም ማርያም» እያሉ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ገንፎው ተገንፍቶ፣ በምታምናቸው ሰዎች መካከል ነበረች። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሚጠብቃት ደግሞ ቀዝቃዛ የብረት አልጋ፣ ከበር ውጭ የቀረች እናትና ገላዋን በማታውቀው ሰው ፊት መግለጥ ነበር። በሰላም ብትገላገል እንኳ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ሰው በቅርብ አታገኝም።

ይህ የገባቸው ጤና ጣቢያዎች ያደረጉት ነገር በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ከአካባቢው ሕዝብ አሰባሰቡ፤ በግቢያቸው ቡና ማፍላት ጀመሩ፤ ከሩቅ ለሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ቤት ሠሩ፤ አንዳንዶቹም እናቷ ወይም እህቷ አብራት እንድትገባ ፈቀዱ። ገንፎው የደም መፍሰስን አያቆምም፤ የሚያቆመው መርፌውና የሠለጠነችው አዋላጅ ናት። ነገር ግን ወላዷ ወደ መርፌውና ወደ አዋላጇ እንድትመጣ ገንፎው ድርሻ ነበረው፤ ይህን የተገነዘበው ባለሙያ ለሙያው ክብር የጨመረ እንጂ የቀነሰ አይደለም።

ወደ እናቴ ልመለስ። ክትትል በጀመረችበት ሰሞን፣ ስሙን ማንሣት በማያስፈልግ አንድ ጤና ጣቢያ ግፊቷ ተለካ፤ ባለሙያዋም ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፈች። እናቴ «ስንት ሆነ ልጄ?» ብላ ጠየቀች። «ደህና ነው» ተባለች። ካርዱ ወደ ካርድ ክፍል ተመለሰ፣ እኛም መድኃኒቱን ይዘን ወጣን። ቤት ስንደርስ ጎረቤቶቿ እንደተለመደው ቡና ላይ ጠየቋት፤ እሷም የተነገራትን ነገረቻቸው። አንደኛዋ በፍጹም ቅንነት «ደህና ከሆነ ታዲያ ኪኒኑ ለምንሽ ነው?» አለቻት። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ እናቴም መልስ ስላልነበራት ኪኒኑን ተወችው። ራሷን አላመማት፣ አላዞራት፣ እንቅልፍ አልነሣት። ቀጣዩ ቀጠሮ ሲደርስ ግፊቷ በጣም ወጥቶ ተገኘ፤ በቃሉ ያልተገኘ ሰው ተብላም ተቆጡዋት። ግፊቱ ደህና የሆነው በኪኒኑ ምክንያት እንደሆነና ሲተው ተመልሶ እንደሚወጣ የነገራት ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም።

የደም ግፊት ሕመም ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ሰው የማይሰማውን ሕመም ለማስታገሥ በየቀኑ፣ ምናልባትም ዕድሜውን ሙሉ፣ ኪኒን እንዲውጥ የሚጠየቅበት ሕክምና የቆመው በማስረዳት ላይ ነው። ወባ የያዘው ሰው ስሙ ባይነገረውም መድኃኒቱን ውጦ ሊድን ይችላል፤ ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን የሚያገኘው በወር አንድ ቀን፣ ቢበዛም ጥቂት ጊዜ ነው፤ በቀሩት ቀናት ሐኪሙ ራሱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ሕመሞች እየበዙ በመጡበት በዚህ ዘመን ለታካሚ ማስረዳት ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ ደግነት ተደርጎ መቆጠሩ በጣም ያሳስበኛል። ማስረዳቱ ራሱ ሕክምና ነው።

ጊዜ የለም የሚለው መልስ እውነትነት አለው፤ ችግሩም የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የ67 አገሮችን መረጃ ሰብስቦ የታተመ ጥናት አንድ ታካሚ ከመጀመሪያ ደረጃ ሐኪም ጋር የሚያሳልፈው አማካይ ጊዜ ከባንግላዴሽ 48 ሰከንድ እስከ ስዊድን 22 ደቂቃ ተኩል እንደሚደርስ፣ የዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህል በሚኖርባቸው 18 አገሮችም ከ5 ደቂቃ እንደማይበልጥ አሳይቷል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሐኪሞች ታካሚው መናገር ከጀመረ በኋላ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ንግግሩን እንደሚያቋርጡት አግኝቷል። የእኛ አገር አዛውንት በ18 ሰከንድ ሰላምታቸውን እንኳ አይጨርሱም። ሕመማቸውን የሚናገሩት «አምና ሁዳዴ ሲገባ ነው የጀመረኝ» ብለው ነው፤ ከዚያ ፍልሰታ ላይ እንደተሻላቸው፣ ጥቅምት ላይ ብርዱ እንደቀሰቀሰው ያወጋሉ። ባለሙያው የሚፈልገው «ስንት ቀን ሆነው?» ለሚለው ጥያቄ ቁጥር ነው። ጥቂት ቢታገሥ ግን የሚፈልገው ቁጥር እዚያው ወግ ውስጥ አለ፤ ሕመሙ በየትኛው ወር እንደሚበረታና ሰውየው ምን ሲበላ እንደሚብስበትም በነጻ ይነገረዋል።

ከዚያ በኋላ ክትትሏን ባዛወርንበት ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ክፍሉ መስኮት ላይ ያየሁትን ልናገር። ወጣቱ የፋርማሲ ባለሙያ ሁለት የወረቀት ከረጢት አስቀመጠ። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት በገባበት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ፀሐይና ግማሽ ጨረቃ ሣለ፤ በሌላኛው ላይ ፀሐይ ብቻ። «እማማ፣ ይቺ ጠዋትም ማታም ከምግብ ጋር ናት፤ ይቺኛዋ ጠዋት ብቻ። እስቲ አሁን ደግሞ እርስዎ ይንገሩኝ» አላት። እናቴ ስትደግመው አንዷን አሳሳተችው፤ ፈገግ ብሎ እንደገና አሳያት፣ ሁለተኛ ጊዜ በትክክል ነገረችው። ቀጥሎ የጠየቃት ጥያቄ ነው ይበልጥ የገረመኝ። «ይጾማሉ?» አላት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምትጾም ስትነግረው መድኃኒቱን ወዲያው አልሰጣትም፤ ከመስኮቱ ኋላ ወጥቶ ወደ ምርመራ ክፍል ይዟት ሄደ፣ ከጤና መኮንኗ ጋርም ተነጋግረው የምትወስድበትን ሰዓት አስተካከሉላት። በረመዳን ለሚጾም ሙስሊም የስኳር ታካሚም ይህ ጥያቄ የዚያኑ ያህል አስፈላጊ ነው። ሁሉም ነገር የፈጀው ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ ስንመለስ ግን እናቴ ለጎረቤቶቿ ሁለቱን ከረጢቶች እያሳየች እንደ አስተማሪ ስታስረዳ አመሸች።

ታካሚ መልስ ይዞ እንዳይመለስ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቃል ነው። የልጅ ልጃቸው የሚሆን ወጣት «አንቺ» ብሎ የሚጠራቸው እናት፣ ወይም ገና ሳይቀመጡ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» የተባሉ ሴት፣ ከዚያ በኋላ ያልገባቸውን መልሰው አይጠይቁም። ጠበል እንደጀመሩ ወይም የሀበሻ መድኃኒት እንደወሰዱ ይደብቃሉ፤ ባለሙያውም ማወቅ የሚገባውን ሳያውቅ ያዝዛል። የዘገዩት የመኸሩ ሥራ ስለያዛቸው፣ የመሳፈሪያ ስላጡ ወይም ቤት የሚጠብቅ ስላልነበረ ሊሆን ይችላል። በሩ ሳይዘጋ፣ ሁለት ታካሚ በአንድ ክፍል ተቀምጦ፣ ተሰላፊው እየሰማ ስለ ወር አበባ ወይም ስለ ኤችአይቪ የምትጠየቅ ልጅም እንዲሁ ናት፤ ገመናዋ ሜዳ ላይ እየወጣ እውነቱን ትናገር ዘንድ መጠበቅ አይቻልም። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ ማድረጉ ትክክል ነበር፤ በር መዝጋትና መጋረጃ መስቀል የዚህ አጀንዳ ክፍል መሆናቸው ግን በየቦታው የታወቀ አይመስለኝም።

መድኃኒት መኖሩን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሲስፋፋ፣ ብዙ ቤተሰብ በየዓመቱ እያዋጣ ሳይሳቀቅ የሚታከምበት በር ተከፍቶለታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ መዋጮውን የከፈለ ሰው የመድኃኒት ክፍሉ መስኮት ላይ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሲባል ካርዱን እያገላበጠ ያየዋል። ተራ ስንጠብቅ ከሰዎች የሰማሁት ግን መድኃኒት ከማጣቱም በላይ የሚያናድዳቸው «መቼ ይመጣል?» ብለው ሲጠይቁ የሚመልስላቸው ሰው አለመኖሩ እንደሆነ ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል፤ እስከዚያ ከከነማ መድኃኒት ቤት በዚህን ያህል ብር ታገኙታላችሁ» የተባለ ሰው ቢያዝንም ዕቅድ ያወጣል።

ባለሙያዎቹን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። ጓንት በሌለበት፣ ውኃ በሚቋረጥበት ክፍል፣ ተሰልፎ የማያልቅ ሰው እያዩ በማይበቃ ደመወዝ የሚሠሩ ናቸው፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ስለ ኑሯቸው ያሰሙትን ድምፅ የሰማ ሁሉ ይህን ያውቃል። አንዱ ባለሙያ ታካሚዎቹን መለየት ሲጀምር ይዛወራል ወይም ይለቅቃል፣ ታካሚውም አዲስ ለመጣው ሰው ከሀ ጀምሮ ይናገራል። የተከበረ ባለሙያ ታካሚን ለማክበር የሚቀለው መሆኑን አልጠራጠርም።

ተጠቃሚው ሕዝብ ጤና ጣቢያውን የሚመዝንበት የማኅበረሰብ የውጤት መስጫ ካርድ የሚባል አሠራር አለ። ስለ ባለሙያዎች አቀባበል፣ ስለ ወረፋ፣ ስለ መድኃኒትና ምርመራ መኖር፣ ስለ አምቡላንስ፣ ስለ ንጽሕና ነዋሪው ነጥብ ይሰጣል። እዚያ ላይ «ምን እንዳመመኝ በሚገባኝ ቋንቋ ተነግሮኛል» የሚል መስመር ራሱን ችሎ ቢቀመጥ እወዳለሁ፤ ያልተጠየቀ ነገር በስብሰባ ላይ አይነሣምና።

ሌላው የምመኘው ነገር ቀላል ነው። ለሕፃናት የክትባት ካርድ ሰጥተን እናቶች እንዲይዙት ስናደርግ ብዙዎቹ በፌስታል ጠቅልለው፣ ከሣጥን ግርጌ አስቀምጠው ለዓመታት ጠብቀውታል። የግፊትና የስኳር ታካሚ ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሱ የሆነ ወረቀት በእጁ የለም፤ ታሪኩ ያለው ካርድ ክፍል ውስጥ ነው፣ የተጻፈውም እሱም ሆነ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጁ በማያነበው የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ነው። የዕለቱን የግፊትና የስኳር ልኬት፣ ሊደርስበት የሚገባውን ቁጥር፣ የመድኃኒቱን ስምና ሰዓት፣ የቀጠሮውን ቀን የሚይዝ አንድ ቅጠል ወረቀት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ወይም ቤተሰቡ በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ ቢሰጠው፣ ልጁ ወይም ጎረቤቱ አንብቦ «አምና ከነበረው ወርዷል፣ ኪኒኑን አታቋርጥ» ሊለው ይችላል። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ክትትል ክፍል ያለችው ነርስ ካርዱ ላይ የምትጽፈውን ቁጥር ታካሚው በእጁ በያዘው ወረቀት ላይም እንድትጽፍለት የጤና ጣቢያው ኃላፊ መወሰን ይችላል።